ራማችሁን ዴስክቶፑ እንዳይበላው

በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ ቀላል ነው ሲባል ሰምቶ ኡቡንቱ የሚባለውን ዓይነቱን የጫነ ሰው፣ ላፕቶፑ እንደ ድሮው ሲንቀራፈፍበት ቢናደድ አልፈርድበትም። ባለ 4 ጊጋ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ከሆነ ደግሞ ንዴቱ የባሰ ነው። ብራውዘር ይከፍታል። ቴሌግራም ይከፍታል። አንድ የጽሑፍ ፋይል ይጨምራል። ከዚያ ማውሱ ራሱ አልንቀሳቀስም ይላል።

አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ሞልቷል። ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ብትሉ ታገኙታላችሁ። ስላሽ ላፕቶፕ የሚገዛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ብዙ ጊዜ ኪሱ የሚፈቅድለት ይኼንኑ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ከሌለ በይፋ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ «ወደ ሊኑክስ ልሂድ እንዴ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሂዱ። ግን የትኛውን ዴስክቶፕ ይዛችሁ እንደምትሄዱ መጀመሪያ እንነጋገር፤ ሲስተሙ የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ሳይሆን በዴስክቶፑ ነውና።

ሊኑክስ በራሱ ሃርድዌሩን የሚያስተዳድር ክፍል ነው። ዓይናችሁ የሚያየው ነገር ሁሉ ከላዩ የተጫነ ሌላ ሶፍትዌር ነው። መስኮት የሚከፍትና የሚዘጋ አለ። ከታች ያለውን ባር የሚያሳይ አለ። ፋይሎቻችሁን የሚያወጣ፣ ኖቲፊኬሽን የሚልክ፣ ድምፅና የስክሪን ብርሃን የሚቆጣጠርም አለ። እነዚህ ሁሉ ተሰብስበው ነው ዴስክቶፕ ኢንቫይሮመንት የሚባሉት። እኔ አሳጥሬ ዴስክቶፕ እላለሁ። ዊንዶውስ ላይ ይኼ ክፍል ከሲስተሙ ጋር ተሰፍቶ ስለሚመጣ አውልቆ ሌላ መልበስ የለም። ሊኑክስ ላይ ይቻላል። የሊኑክስ ስብስቦች፣ ዲስትሮ የሚባሉት፣ አንዱ ከሌላው በክብደት የሚለያዩበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ኡቡንቱን እንዳለ ስታወርዱ የሚመጣላችሁ ጂኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ነው። ያምራል፣ ለመልመድም አያስቸግርም። ነገር ግን የሚታየው ክፍሉ በአብዛኛው በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ነው። ከጀርባ ደግሞ ፋይሎቻችሁን እየቆጠረ ለፍለጋ የሚያዘጋጅ አለ። የካሌንደርና የኢንተርኔት አካውንት ጉዳይ የሚከታተል አለ። የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚጠብቅም አለ። ምንም ሳትከፍቱ ከ1 ጊጋ በላይ ይዞ ቢጠብቃችሁ አይግረማችሁ። የሊኑክስ ሚንት ዋና ዴስክቶፕ ሲናሞንም ከጂኖም ሼል ተገንጥሎ የወጣ ስለሆነ ባሕሪው ይቀራረባል፤ ትንሽ ይቀላል እንጂ ቀላል አይባልም። ኬዲኢ ፕላዝማ በከባድነት ስሙ የጠፋው በድሮ ጥፋቱ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ ከጂኖም አንሶ ይገኛል። ያም ሆኖ ለ4 ጊጋ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

ቀላሎቹ ጋ ስንመጣ ኤክስኤፍሲኢ አለ። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከዘመኑ ፋሽን ጋር ብዙ አይሮጥም፣ እኔ ግን የምወደው ለዚሁ ነው። ከዓመታት በፊት የለመዳችሁት ነገር ዛሬም ቦታው ላይ ነው። ማቴም አለ። ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስተኛ እትሙን ሲያወጣ መልኩን ፈጽሞ ቀየረና ብዙ ሰው አኮረፈ። ካኮረፉት አንዳንዶቹ ሁለተኛውን እትም ይዘው ቀጠሉ። ማቴ ማለት ያ ነው። ክብደቱ ከኤክስኤፍሲኢ ጋር ይቀራረባል።

ከእነዚህ ዝቅ ሲል ኤልኤክስኪውቲ ይመጣል። ኤልኤክስዲኢ የሚባለው ቀላል ዴስክቶፕ ሠሪዎችና ሬዘር-ኪውቲ የሚባለው ሌላ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ተቀላቅለው ያመጡት ነው። ሉቡንቱ የሚባለው ዲስትሮ የሚጠቀመው ይኼንን ነው። ከእሱም በታች አይስደብልዩኤም አለ። እሱ እንኳን ሙሉ ዴስክቶፕ አይደለም። መስኮት ማስተዳደሪያ ነው፤ ከታች ባርና ሜኑ ብቻ ጨምሮበታል። አንቲኤክስ የሚባለው ዲስትሮ ከእሱ ጋር ይመጣል።

ቁጥር ለሚፈልግ ሰው፣ ማሽኑ ገና ተነስቶ ምንም ሳይከፈት ጂኖም ከ1 ጊጋ እስከ 1.5 ጊጋ አካባቢ ይይዛል። ኤክስኤፍሲኢና ማቴ ከ500 እስከ 800 ሜጋ አካባቢ ይይዛሉ። ኤልኤክስኪውቲ ከ400 እስከ 600፣ አንቲኤክስ ደግሞ 200 ሜጋ አካባቢ ነው። እነዚህን እንደ ሕግ አትያዙብኝ። ያው ኤክስኤፍሲኢ ደቢያንና ዙቡንቱ በሚባሉት ዲስትሮዎች ላይ አንድ አይሆንም። ዲስትሮው ከጀርባ የሚያስነሳቸው ፕሮግራሞች ይለያያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፍታችሁ በላቲን ፊደል «ፍሪ» ብላችሁ፣ ቦታ ለቃችሁ፣ ሰረዝና ኤች ብትጨምሩ የራሙን ሁኔታ በሰንጠረዥ ያሳያችኋል። «ፍሪ» በሚለው ዓምድ ሥር 200 ሜጋ ብቻ ያያል ሰውየው። አለቀልኝ ብሎ ይደነግጣል። አላለቀም። ሊኑክስ ያልተያዘ ራም ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አይፈልግም። ከዲስክ ያነበባቸውን ፋይሎች እዚያ ያቆያቸዋል፣ ስትፈልጓቸው ቶሎ እንዲሰጣችሁ። ባለ ባጃጁ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ የኋላ ወንበሩ ላይ የራሱን ዕቃ እንደሚያኖር ማለት ነው፤ ተሳፋሪ ሲመጣ ዕቃው ይነሳል። የምታዩት ዓምድ «አቬይለብል» የሚለውን ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለውን። ፕሮግራም ስትከፍቱ በእርግጥ ልታገኙት የምትችሉት ራም እሱ ነው። ሁለት ዴስክቶፕ ስታወዳድሩም ማሽኑ ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይኼንኑ ቁጥር አወዳድሩ። ገና እንደተነሳ ከሆነ ከጀርባ የሚነሱት ፕሮግራሞች ገና አልጨረሱም።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንግባ። ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ላይ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ የራሱን ድርሻ ከራሙ ቆርሶ ይወስዳል። እጃችሁ የሚገባው 3.7 ወይም 3.8 ጊጋ አካባቢ ነው። ጂኖም 1.2 ቢወስድ 2.5 ይቀራል። ኤክስኤፍሲኢ 0.6 ቢወስድ 3.1 ይቀራል። ልዩነቱ 600 ሜጋ ነው። ይኼ ለአንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ ብዙ ነው። ሊብሬኦፊስ ከፍታ፣ ደንበኛው ፋይሉን የላከበትን ቴሌግራም ሳትዘጋ፣ ከብራውዘር ቅጽ ማውረድ ትችላለች ማለት ነው።

ባለ 2 ጊጋ ላይ ሒሳቡ ከዚህም የከረረ ነው። ከ1.8 ላይ 1.2 ስታነሱ የሚቀረው ለአንድ ብራውዘር እንኳን አይበቃም። እዚያ ላይ ዴስክቶፕ መምረጥ ማለት ላፕቶፑ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን መወሰን ነው። 8 ጊጋ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ቀላል ነው። ደስ ያላችሁን ጫኑ። 8 ጊጋ ራም ይዞ ለ300 ሜጋ ሲል የማይወደውን ዴስክቶፕ የሚታገስ ሰው አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም።

ራም ሲሞላ ምን ይሆናል? ሲስተሙ ለጊዜው የማይፈለገውን ወደ ዲስክ ያወርደዋል። ስዋፕ የሚባለው ይኼ ነው። ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ከራም ጋር ሲነጻጸር በብዙ ሺህ እጥፍ የዘገየ ነው። ላፕቶፑ ስታክ አደረገ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ራሙ ሞልቶ ዲስኩ ሲባዝን ነው። መብራቱ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ሲል አይታችሁ ይሆናል። ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ላይ ሕመሙ ይቀንሳል፣ አይጠፋም።

ሌላም አለ። ከዴስክቶፑ ይልቅ ራም የሚበላው ብራውዘሩ ነው። ፋየርፎክስም ሆነ ክሮም ድረ ገጾችን በተለያየ ፕሮሰስ ከፋፍለው ነው የሚያስኬዱት። ፌስቡክና ዩቲዩብ ብቻ ተከፍተው ከ500 ሜጋ በላይ ቢይዙ የተለመደ ነው። በኢንተርኔት ላይ «የእኔ ሊኑክስ 180 ሜጋ ብቻ ነው የሚይዘው» የሚል ስክሪንሾት ሲለጠፍ አያለሁ። ጥሩ ነው። ባዶ ዴስክቶፕ ላይ ግን ሥራ አይሠራም። ስክሪንሾቱን ብራውዘር ከፍቶ ቢያነሳው ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ምርጫዬን ልናገር። 4 ጊጋ ካላችሁ ኤክስኤፍሲኢ ውሰዱ። ዲስትሮው ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ቢሆን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ዴስክቶፑ ብቻ አይደለም። ኡቡንቱና ከእሱ የወጡት ዙቡንቱና ሉቡንቱ ከ22.04 እትም ወዲህ ፋየርፎክስን የሚያመጡት ስናፕ በሚባለው አሠራር ነው። ሃርድ ዲስክ ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ስናፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ያዘገማል። ሚንት ፋየርፎክስን በተለመደው መንገድ ስለሚያቀርብ ከዚህ ያርፋችኋል። 2 ጊጋ ካላችሁ ወይ ሉቡንቱ ወይ ደቢያን ከኤልኤክስኪውቲ ጋር። ደቢያን ሲጫን የትኛውን ዴስክቶፕ እንደምትፈልጉ በዝርዝር ይጠይቃችኋል፣ የምትፈልጉትን ብቻ ምልክት ታደርጋላችሁ። 1 ጊጋ ወይም ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር ከሆነ ወደ አንቲኤክስ ሂዱ፤ 23ኛው እትሙ የ32 ቢት ፋይልም አለው። ኡቡንቱና ሚንት የ32 ቢት አዲስ እትም ማውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ደቢያንም በ13ኛው እትሙ የ32 ቢት ማሽን መጫኛውን አቁሟል።

ግራፊክሱ ደካማ ወይም ድራይቨሩ በትክክል የማይሠራ ማሽንም አለ። ጂኖም የመስኮቶቹን እንቅስቃሴ በግራፊክስ ቺፑ ነው የሚያሠራው። ቺፑ ካልቻለ ሥራው ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል። ያኔ ራሙ ቢበቃ እንኳን ፕሮሰሰሩ ይግላል። አዳማ ላይ በሚያዝያ ቀትር አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሠርታችሁ ከሆነ ፋኑ እንዴት እንደሚጮህ ታውቁታላችሁ። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ኤክስኤፍሲኢ ላይ ይኼንን የመስኮት ውበት ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል። ሴቲንግስ ውስጥ «ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ኮምፖዚተር» በሚለው ሥር ምልክቱን አንሱ። ጥላውና መሰል ጌጦች ይጠፋሉ፣ ለሥራ ግን ብዙም የሚጎድል ነገር የለም።

ቀላል ዴስክቶፕ መርጣችሁ ሁሉንም ፕሮግራም ከሌላ ዴስክቶፕ ካመጣችሁ ግን ትርፉ ይሸረሸራል። ጂኖም፣ ኤክስኤፍሲኢና ማቴ የሚሠሩት ጂቲኬ በሚባል መሣሪያ ነው። ኬዲኢና ኤልኤክስኪውቲ ደግሞ በኪውቲ። አንድ ዓይነት የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች መሣሪያውን ራም ውስጥ ይጋሩታል። ኤልኤክስኪውቲ ላይ የጂኖምን ፋይል ማኔጀር፣ የጂኖምን ሶፍትዌር ማዕከልና የጂኖምን ካሌንደር ስትጭኑ ሁለቱንም መሣሪያ ራም ላይ ትጭናላችሁ። አንድ ሁለት ፕሮግራም ምንም አይደለም። ልማድ ሲሆን ነው ችግሩ።

የአማርኛ ጽሕፈት ነገር ብዙ ሰው ከጫነ በኋላ የሚያስታውሰው ነው። በአፋን ኦሮሞ ለሚጽፍ ሰው ቁቤው በተለመደው ኪቦርድ ስለሚሠራ ጭንቀት የለም። አማርኛ ግን የፊደል ማስገቢያ ፕሮግራም ይፈልጋል። ጂኖም ላይ ይኼ ከሴቲንግሱ ጋር ተያይዞ ስለሚመጣ ሥራው ይቀላል። በቀላሎቹ ላይ በእጅ ነው የሚሠራው። «አይባስ» እና «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚባሉትን ሁለት ፓኬጆች ትጭናላችሁ። ከዚያ ሚንት ላይ ከሆናችሁ ሜኑ ውስጥ «ኢንፑት ሜተድ» የሚለውን ከፍታችሁ አይባስን ትመርጣላችሁ። ደቢያን ወይም ሉቡንቱ ላይ «አይኤም-ኮንፊግ» የሚለው ይኼንኑ ሥራ ይሠራል። ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ከዚያ በአይባስ ማስተካከያ ውስጥ «ሰራ» የሚለውን የአማርኛ ዓይነት ጨምሩ። በላቲን ቁልፎች ድምፁን እየጻፋችሁ ፊደሉ ይወጣል። ለፎንት አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ጫኑ። ጥቂት ሜጋ ራም ይወስዳል፤ ይውሰድ። አማርኛ የማይጽፍ ኮምፒውተር ለጽሕፈት ቤት ምን ይረባል?

የጽሕፈት ቤት ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌሮች፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት፣ የተጻፉ ፋይሎች ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ነው የሚከፈቱት። በዊንዶውሱ ኒያላ የተጻፈ ፋይል ደግሞ ይነበባል፣ ግን ፎንቱ ሊኑክስ ላይ ስለሌለ የገጽ አቀማመጡ ይንሸራተታል። ዊንዶውሱን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የደንበኛ ፋይሎቻችሁን ከፍላሽ ላይ ከፍታችሁ እዩ።

ለዚህ መንገዱ ሳይጫን መሞከር ነው። ከላይ የጠራኋቸው ዲስትሮዎች ከፍላሽ ተነስተው ይሠራሉ፣ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ። ቬንቶይ የሚባለው ፕሮግራም ፍላሹን አንዴ ካዘጋጀላችሁ የፈለጋችሁትን ያህል የዲስትሮ ፋይል እንዲሁ ኮፒ አድርጋችሁ ታኖሩበታላችሁ። አንድ ፋይል ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ጊጋ ስለሚሆን በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል። ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ወይም አውርዶ ያስቀመጠ ሰው ፈልጉ። ከፍላሽ ሲነሳ ግን የራሙን ቁጥር አትመኑት። የምታደርጉት ለውጥ ሁሉ ራም ላይ ስለሚቀመጥ ከተጫነው ይበልጣል። ከፍላሽ የምታዩት ዋይፋዩ መሥራቱን፣ ድምፁን፣ የስክሪን ብርሃን መጨመሪያውንና መልኩ ደስ ማለቱን ነው።

ኡቡንቱን ቀድማችሁ የጫናችሁ ሰዎች መልሳችሁ መጫን አይጠበቅባችሁም። «ዙቡንቱ-ኮር» የሚለውን ፓኬጅ ከተርሚናል ብትጭኑ ኤክስኤፍሲኢ ይመጣል። «ዙቡንቱ-ዴስክቶፕ» የሚለው ከእሱ በላይ ብዙ ፕሮግራም አግተልትሎ ስለሚያመጣ ዳታ ይበላባችኋል። መግቢያው ላይ የይለፍ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን ዴስክቶፕ እንደምትፈልጉ የምትመርጡበት ትንሽ ምልክት አለች። ሁለት ዴስክቶፕ አብሮ ተቀምጦ ራም አይበላም፤ ዲስክ ነው የሚይዘው። የተጫነው ሁሉ አይሠራም፣ የገባችሁበት ብቻ ነው የሚነሳው።

ዴስክቶፑ ከተመረጠ በኋላ፣ ኤክስኤፍሲኢ ከሆነ «ሴሽን ኤንድ ስታርታፕ» ውስጥ ገብታችሁ፣ ከማሽኑ ጋር አብረው ከሚነሱት ፕሮግራሞች የማትጠቀሙባቸውን አጥፉ። ብሉቱዝ የሌለው ማሽን ላይ የብሉቱዝ አፕሌት ምን ይሠራል? ፕሪንተር የሌለው ሰውም የፕሪንተሩን አፕሌት ያጥፋ። ፎቶ ኮፒ ቤት ከሆናችሁ ይኼኛውን አትንኩ።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ዚራም ይመስለኛል። ራም ውስጥ ትንሽ ቦታ ይዞ፣ ወደ ዲስክ ሊወርድ የነበረውን ነገር እዚያው ጨምቆ ያስቀምጣል። የተጨመቀው ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ቦታ ይይዛል። ፕሮሰሰሩ ለመጨመቅ ትንሽ ይደክማል፣ ነገር ግን ሃርድ ዲስክን ከመጠበቅ ጋር አይወዳደርም። ፌዶራ የሚባለው ዲስትሮ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በ33ኛው እትሙ ከመነሻው አብሮት አምጥቶታል። ደቢያንና ሚንት ላይ «ዚራም-ቱልስ» የሚለውን ፓኬጅ መጫን ይበቃል። ባለ 2 ጊጋ ማሽን ላይ ኤልኤክስኪውቲና ዚራም አንድ ላይ ሲሆኑ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ገንዘብ ካለ ደግሞ ከኋላ ያለውን ክዳን ፍቱና ባዶ የራም ቦታ መኖሩን እዩ። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ሁለት ቦታ ኖሯቸው አንዱ ብቻ ነው የተያዘው። ስትገዙ ዓይነቱን ለዩ። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል አንድ ይመስላሉ፣ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በ1.5 ቮልት፣ ሁለተኛው በ1.35 ቮልት ነው የሚሠራው። ሁለተኛውን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ የመጀመሪያውን ብታስገቡለት ላይነሳ ይችላል። ነጋዴው «ያው ነው» ቢላችሁም አሮጌውን ራም ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ጽሑፉን እያያችሁ ግዙ።